ለአውሮፓ ተሰርታ አፍሪካን ስታይ የከረመችው ሳተላይት

ሚቲዮሳት የምትባለው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ያነሳቻትን የመጀመሪያ ፎቶ ካላያችኋት ፈልጋችሁ እዩዋት። ዲሴምበር 9 ቀን 1977 የተነሳች ናት (ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እየቀያየርኩ እናንተንም ራሴንም ማደናገር አልፈለግኩም)። ጥቁር ባዶ መሀል ክብ ምድር ቁጭ ብላለች፣ ክቡ ውስጥ ዋናውን ቦታ የያዘችው ደግሞ አፍሪካ ናት፣ ከሞሮኮ እስከ ኬፕታውን ሙሉዋን። አውሮፓ ላይኛው ጠርዝ ላይ ተጨማዳ ነው ያለችው፣ ከአናት ሳይሆን ከጎን ስለምትታይ ጠፍጠፍ ብላ፣ ስካንዲኔቪያማ ክቡን ዞራ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም።

እና ይቺን ሳተላይት ከፍለው ያሰሩት እነማን ናቸው? ስምንት የአውሮፓ አገራት። ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ስዊዘርላንድ። ስዊድንን እስቲ አስቧት፣ ገንዘቧን አዋጥታ ስታበቃ ፎቶው ላይ ራሷን ፈልጎ ማግኘት ስራ ነው፣ ሱዳን ግን ሳንቲም ሳታወጣ ፊት ለፊት ተዘርግታለች። ይሄ ነገር ከገባኝ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት አጠገብ ነው፣ ሙያዬ የመጋዘን ስራ ነው እንጂ ከህዋ ጋር የሚያገናኘኝ የለም። ግን ዳርምሽታት በባቡር ቅርብ ናት፣ ባቡር ጣቢያውን አልፎ ኢሶክ የሚባለው የአውሮፓ የህዋ ኤጀንሲ መቆጣጠሪያ ማዕከል አለ፣ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶቹን የሚያስተዳድረው የአውሮፓ ድርጅት የዩሜትሳት ህንጻም እዛው ከተማ ነው፣ እና አንድ ሰው እዚች ከተማ ውስጥ ከ1977 ጀምሮ ቀን ከሌት የሚታየው ነገር በአብዛኛው የኛ ደመና መሆኑን ካወቀ በኋላ በዛ በኩል ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። ቢያንስ እኔን ከብዶኛል፣ ማታ ማታ ሰነድ ሳገላብጥ ከረምኩ።

ከሷ በፊት ምን ነበር የሚለውን ቶሎ ልበለው። የመጀመሪያዋ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ታይሮስ 1 ናት፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1960 አሜሪካ አመጠቀቻት። እሷም ከሷ በኋላ የመጡትም ዝቅ ብለው ምድርን እየዞሩ የሚያልፉ ናቸው፣ አንድን ቦታ በቀን ሁለቴ ቢያዩት ነው፣ ጠዋት አልፋ ማታ ስትመለስ መሀል ላይ የተወለደ ነጎድጓድ ዘንቦ፣ ጎርፍ አስነስቶ፣ ጨርሶ ጠፍቷል። የምድር ወገብ ላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት ግን ምድርን ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ምድር ራሷ በዛቢያዋ ከምትዞርበት ጋር እኩል ስለሆነ ከታች ለሚያየው ሰው አንድ ቦታ ቆሞ የቀረ ነው የሚመስለው። ጂኦስቴሽነሪ የሚሉት ይሄን ነው። ችግሩ እዛ ርቀት ላይ ሆኖ እንዴት ፎቶ ይነሳል የሚለው ነበር፣ በዛ ዘመን ደግሞ እዛ የሚላኩት ሳተላይቶች እንዳይወላገዱ እያሉ እንደ ልብ የሚሽከረከሩ ናቸው። የሚሽከረከር ነገር ላይ ካሜራ ገጥመህ ምን ታነሳለህ?

ቨርነር ሱኦሚ የሚባል የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰው ከሮበርት ፓረንት ጋር ሆኖ ነገሩን ገለበጠው። ሽክርክሪቱ ችግር ከሆነ ለምን እሱን ራሱን ስራ አናሰራውም አለ። አንድ ጠባብ ዕይታ ያለው ቴሌስኮፕ ሳተላይቱ ጎን ላይ ግጠም፣ ሳተላይቱ አንዴ ሲዞር ቴሌስኮፑ ምድርን ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጭን መስመር ጠርጎ ያያል፣ ከዛ ቴሌስኮፑን በጣም ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ አድርገው፣ በሚቀጥለው ዙር ቀጣዩን መስመር ያያል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መስመር በመስመር ሙሉ ክቡ ይሞላል። በዲሴምበር 1966 ኤቲኤስ 1 የምትባል የአሜሪካ ሳተላይት ላይ ተሞከረ፣ ሰራ። ዛሬ ስልካችን ላይ የደመና ቪዲዮ የምናየው ከዚህ ሀሳብ የተነሳ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

የአውሮፓው ፕሮጀክት መጀመሪያ የፈረንሳይ ብቻ ነበር፣ ፒየር ሞሬል የሚባል የአየር ፊዚክስ ሊቅ ከፈረንሳይ የህዋ ድርጅት ጋር ሆኖ የገፋው። ከዛ በ1972 አካባቢ የጋራ ተደረገና ካን ከተማ ያለው የኤሮስፓሲያል ፋብሪካ ስራውን በመሪነት ያዘ። አዎ፣ የፊልም ፌስቲቫሏ ካን። ሰው ቀይ ምንጣፍ ላይ ፎቶ በሚነሳበት ከተማ እነዚህ ሌላ አይነት ፎቶ አንሺ ይገጣጥሙ ነበር።

1977 ለአውሮፓ የህዋ ኤጀንሲ የመከራ ዓመት ነበር ማለት ይቻላል። ያኔ የራሳቸው ሮኬት ገና ስላልነበራቸው በአሜሪካ ዴልታ ሮኬት ነበር የሚያመጥቁት። ኤፕሪል ላይ ጂኦስ 1 የምትባለውን የምርምር ሳተላይት ላኩ፣ ሮኬቱ አበላሸና የማትፈለግበት ምህዋር ላይ ጣላት። ሴፕቴምበር ላይ ኦቲኤስ 1 የምትባለውን የመገናኛ ሳተላይት ላኩ፣ ሮኬቱ አየር ላይ ፈነዳ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ተራው የሚቲዮሳት ነው፣ ያው ዴልታ፣ ያው ኬፕ ካናቬራል። እዛ ቆጠራ ክፍል ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ሆድ ቁርጠት አስቡት። ኖቬምበር 23 ቀን 1977 ተነሳች፣ ደህና ወጣች፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ከጊኒ ባህረ ሰላጤ አናት ላይ ቦታዋን ያዘች።

ያን ቀን በኛ ኅዳር 14 ቀን 1970 ነው። ታች ኦጋዴን ውስጥ ጦርነት እየነደደ ነበር፣ ሐረር ዙሪያ መድፍ እያጓራ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ቀይ ሽብር። የሳተላይቷ ኢንፍራሬድ (የሙቀት) ምስል ላይ አንዱ ነጥብ ልክ ከስሯ ባለው ቦታ እንኳን የ5 ኪሎ ሜትር ስፋት ነው የሚይዘው፣ ኢትዮጵያ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይለጠጣል። ከደመና በቀር የሚታያት አልነበረም። ምናልባት ጥሩ ነው።

እስቲ አሁን ዕቃዋን ቀረብ ብለን እንያት፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ክፍል ነው። ወደ 2.1 ሜትር ስፋት፣ ወደ 3.2 ሜትር ቁመት ያላት ሲሊንደር ናት፣ ዙሪያዋን በሶላር ሴል የተለበጠች። በደቂቃ 100 ጊዜ ትሽከረከራለች፣ አንድ ዙር 0.6 ሰከንድ ማለት ነው። ውስጧ 40 ሴንቲ ሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ አለ። ከዛ ርቀት ምድር የምትይዘው ከ360 ዲግሪው 18ቱን ያህል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር ቴሌስኮፑ ምድርን የሚያየው ለአንድ ሃያኛው ክፍል፣ ለ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ባዶ ጨለማ ነው የሚያየው። ታዲያ መሃንዲሶቹ ያችን ጊዜ አላባከኗትም፣ በ30 ሚሊ ሰከንድ የታየው መስመር ሳተላይቷ ላይ ያለ ሚሞሪ ውስጥ ይቀመጥና ጨለማውን እያየች ባለችበት በቀረው ጊዜ ቀስ ተብሎ ወደ መሬት ይላካል፣ ቀስ ብሎ መላክ ደግሞ ብዙ ኃይል አይጠይቅም። እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። የ1970ዎቹ ሚሞሪ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቴሌስኮፑ አንድ ስንዝር እንኳን የማትሞላ ቅንጣት ታህል ዘንበል ይላል። ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፣ 2,500 እርምጃ። በ0.6 ሰከንድ ስታባዙት 1,500 ሰከንድ፣ 25 ደቂቃ ይመጣል። ከዛ ቴሌስኮፑ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ሳተላይቷ ከመነቃነቁ እስክትረጋጋ ትንሽ ይጠበቃል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ እንደገና ከአንታርክቲካ። በቀን 48 ፎቶ። አስቡት፣ መጀመሪያ የደቡቡ በረዶ፣ ከዛ ኬፕ፣ ከዛ ካላሃሪ፣ ሂሳቡን ስሰራው ኢትዮጵያ በአስራ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ ነው የምትደርሰው፣ ፎቶውን የሚጠብቁት ጀርመኖችና እንግሊዞች ያሉበት መስመር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከፋዩ ወረፋው ላይ ኋላ ተሰልፏል። በነገራችን ላይ እያንዳንዱ መስመር የሚነበበው ከምስራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ እኛ ባለንበት መስመር ላይ ከአፍሪካ ቀድመን የምንታየው እኛና ሶማሌዎች ነን።

ሶስት አይነት ዕይታ ነበራት። አንደኛው ተራው ብርሃን ነው፣ ቀን ቀን ብቻ የሚሰራ። ሁለተኛው ኢንፍራሬድ፣ ሙቀትን የሚያይ፣ ሌሊትም የሚሰራ፣ የደመናው አናት ምን ያህል እንደቀዘቀዘ የሚናገር። ሶስተኛው ግን የሷ ብቻ ነበር፣ የውሃ ትነትን የሚያይ ቻናል፣ ከዛ በፊት ጂኦስቴሽነሪ ሳተላይት ላይ ተገጥሞ አያውቅም። ደመና ባይኖርም ከላይ ያለው አየር ውስጥ እርጥበቱ በየት በየት እንደሚፈስ ያሳያል፣ ጥርት ያለ የሚመስል ሰማይ ላይ ሳይቀር። ዛሬ ይሄ ቻናል የሌለው ጂኦስቴሽነሪ የአየር ሁኔታ ሳተላይት አይሰራም። የኢንፍራሬዱና የትነቱ መቀበያዎች እንዲሰሩ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ አካባቢ መቀዝቀዝ ነበረባቸው፣ ለዛ ፍሪጅ የለም፣ ሙቀታቸውን ወደ ባዶው ህዋ የሚተፋ ማቀዝቀዣ ነው ያለው፣ ሞተር የሌለው፣ ዝም ብሎ ጨለማውን የሚያይ።

አንቴናዋም ሌላ ጉድ ነው። ሳተላይቷ እየተሽከረከረች አንቴናዋ ግን ምንጊዜም ወደ ምድር ማየት አለበት። በሞተር ወደ ኋላ ማዞር ይቻላል፣ እነሱ ግን ዙሪያዋን ትንንሽ አንቴናዎች ደርድረው በኤሌክትሮኒክስ አንዱን እያጠፉ ቀጣዩን እያበሩ ጨረሩ ሁሌ ወደ መሬት እንዲሆን አደረጉት። ሞተር የለም፣ የሚበላሽ ሞተርም የለም።

ፎቶው የሚወርደው ኦደንቫልድ የሚባለው ጫካ ውስጥ፣ ሚሼልሽታት አጠገብ ወዳለ ጣቢያ ነበር። ሚሼልሽታትን ጎብኝቻታለሁ፣ በእንጨት እግሮች ላይ የቆመ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ማዘጋጃ ቤት አላት፣ ቱሪስት ሁሉ ለሱ ነው የሚመጣው። በዚችው ከተማ ዳር ትልቅ ሰሃን ቆሞ የኮንጎን ደመና ሲቀበል መክረሙን ካፌ ውስጥ ያገኘኋቸው ሰዎች አንዳቸውም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዛ ወደ ዳርምሽታት ይሄዳል፣ ኮምፒውተሮቹ መስመሮቹን ያቃናሉ፣ የባህር ዳርቻውን ልክ ያስይዛሉ፣ ደመናዎች ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ምን ያህል እንደተጓዙ እየለኩ የነፋስ ካርታ ያወጣሉ። ከዛ የተስተካከለው ፎቶ ተመልሶ ወደ ሳተላይቷ ይላካል! እሷም በሰፊው ታሰራጨዋለች፣ መቀበያ ያለው ሁሉ እንዲያገኘው። መቀበያ ያለው ሁሉ።

እዚህ ጋ ነው እኔ የምቆመው። መቀበያው ሁለት አይነት ነበር፣ ትልቁ ሙሉ ጥራቱን ዲጂታል የሚቀበል፣ ትንሹ ደግሞ እንደ ፋክስ ያለ የተቆራረጠ ምስል የሚቀበል። ትንሹ በጣም ውድ አልነበረም፣ አንዳንድ የአፍሪካ ሚቲዎሮሎጂ መስሪያ ቤቶችም እያገኙ መጡ፣ ግን አፍሪካን በየግማሽ ሰዓቱ ሙሉ ጥራት ባለው መልኩ ማየት የሚችለው ለረዥም ጊዜ በአብዛኛው አፍሪካ ውስጥ ያለ ሰው አልነበረም። ፑማ የተባለው በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ የተሰራ ፕሮጀክት ለአፍሪካ አገራት አገልግሎቶች የአዲሱን ትውልድ መቀበያ ገጥሞ ያበቃው በ2005 ነው። ከመጀመሪያዋ ፎቶ ሃያ ስምንት ዓመት በኋላ። ክፋት ነው አልልም፣ ማንም ተቀምጦ አፍሪካን እንከልክላት ብሎ አልወሰነም፣ ፎቶው አየር ላይ ነበር። ግን መታየትና ማየት ለየቅል መሆናቸውን ከዚች ሳተላይት በላይ የሚያሳየኝ የለም።

ወደ ታሪኳ። ሚቲዮሳት 1 የተመጠቀችበት አንዱ ምክንያት ከዲሴምበር 1 ቀን 1978 እስከ ኖቬምበር 30 ቀን 1979 የተካሄደው ትልቁ የዓለም የከባቢ አየር ሙከራ ነው። ሀሳቡ ለአንድ ዓመት ያህል ምድርን ዙሪያዋን በአምስት ጂኦስቴሽነሪ ሳተላይት ሳያቋርጡ ማየት ነበር። አሜሪካ ሁለት፣ ጃፓን አንድ ሂማዋሪ፣ አውሮፓ አንድ፣ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ደግሞ ሶቪየት ህብረት። ሶቪየቶች አልደረሱም (የነሱዋ የወጣችው በ1994 ነው፣ ሶቪየት ህብረት የምትባል አገር ከጠፋች በኋላ)። ስለዚህ አሜሪካኖች ጎስ 1 የምትባለውን፣ በ1975 የተመጠቀች አሮጌ ሳተላይታቸውን ጎትተው 58 ዲግሪ ምስራቅ ላይ አቆሟት፣ አውሮፓውያኑ ደግሞ ስፔን ውስጥ ካለች ጣቢያ ተቆጣጠሩላቸው። በዛች ዓመት ኢትዮጵያ ከግራም ከቀኝም ትታይ ነበር። በ1979 ክረምት ከሶማሊያ ጠረፍ ተነስቶ ወደ ህንድ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ፣ የኛንም ክረምት የሚነካው፣ በጎስ 1 ደመናዎች እየተከተሉ ለክተውታል።

ከዛ ኖቬምበር 24 ቀን 1979 የሚቲዮሳት 1 ዓይን ጠፋ። ፎቶ የሚያነሳው ክፍል ኃይል የሚያገኝበት መስመር ላይ ችግር ተፈጠረና በቃ። ከተመጠቀች ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን፣ ሙከራው ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው። ሶስት ዓመት ትሰራለች ተብላ ነበር የተሰራችው። ብዙ ቦታ ስሟ ሲነሳ "ሁለት ዓመት ብቻ ሰራች" ብለው ያልፏታል፣ እኔ ግን ይሄ ፍርድ አይዋጥልኝም፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሆነውን አብዛኛው ሰው አይነግራችሁም።

ሳተላይቷ ከፎቶ ሌላ ስራ ነበራት። ሰው የማይደርስበት ቦታ የተተከሉ ትንንሽ መሳሪያዎች፣ ባህር ላይ ተንሳፋፊ፣ መርከብ ላይ፣ በረሃ ውስጥ፣ የለኩትን በሬዲዮ ወደሷ ይልካሉ፣ እሷ ወደ ዳርምሽታት ታስተላልፋለች። ያ ክፍል አልሞተም። ጁን 19 ቀን 1981 ሚቲዮሳት 2 በአዲሱ የአውሮፓ አሪያን ሮኬት ወጣች (አብራት የህንዷ አፕል የምትባል ሳተላይት ነበረች፣ በበሬ ጋሪ ላይ አስቀምጠው አንቴናዋን የሞከሩባት፣ ፎቶዋን ፈልጉት በጣም ነው የሚያስቀው)። ሚቲዮሳት 2 ዓይኗ ድንቅ ነው፣ ለዓመታት ሰርታለች፣ ግን የዛን የመሳሪያዎቹን መልዕክት የምትቀበልበት ክፍል አልሰራም አለ! ስለዚህ ምን ተደረገ፣ ልጅ ሆነን የሰማነው የዕውሩና የሽባው ተረት ሰማይ ላይ ተደገመ። አዲሷ ታያለች፣ አሮጌዋ ዕውር ትሰማለች፣ ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ሙሉ ሳተላይት ሆኑ። አሮጌዋ ሲደክማት ደግሞ በ1985 አሜሪካኖች ጎስ 4ን፣ እሷም ዓይኗ የጠፋ፣ ለመስማቱ ስራ አበደሩ። ብድሩ በኋላ ተመልሷል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በአንድ ሳተላይት ብቻ ስትቀር አውሮፓ ሚቲዮሳት 3ን ወደ ምዕራብ ወስዳ የሷን አውሎ ነፋስ እንድታይ ሰጥታታለች። መንግስታት እንዲህ መበዳደር ሲችሉ ደስ ይላል፣ በሌላ ነገርም ቢለምድባቸው።

አሁን 1984 ላይ ደረስን፣ ልዘለው ፈልጌ ነበር አልቻልኩም። ያን የረሃብ ዓመት አገራችን ላይ ዝናቡ ሲቀር ሚቲዮሳት 2 በየግማሽ ሰዓቱ እያየች ነበር። ደመናው ሲሳሳ ሁሉም ነገር ቴፕ ላይ ተቀድቷል። ግን "ሳተላይቱ እያየ ለምን አልተነገረም" የሚል ነገር ስሰማ አልስማማም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን እኮ በማርች 1984 ለለጋሾች ጮኋል፣ ከሳተላይት ሳይሆን ከወረዳ በመጣ ወሬ፣ እህል ዋጋው ናረ፣ ሰው ከብቱን እየሸጠ ነው፣ ሰው ከቀዬው እየተነሳ ነው በሚል። ዓለም የነቃው ኦክቶበር ላይ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው። የጎደለው መረጃ አልነበረም። ይሄን ያልኩት ሳተላይት ሁሉን ይፈታል የሚል ሰው ስለበዛ ነው።

ሳተላይቷ ለኛ በእውነት መጥቀም የጀመረችው ሌላ በኩል ነው፣ በማህደሯ። እንግሊዝ አገር ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ታምሳት የሚባል ቡድን አለ፣ ሀሳባቸው ቀላል ነው፣ ደመናው አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ ረዥም ነጎድጓዳማ ደመና ነው፣ ረዥም ከሆነ ያዘንባል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ በአስር ቀን ውስጥ ቀዝቃዛ ደመና ስንት ሰዓት እንደቆየ ቁጠርና መሬት ላይ ካለ የዝናብ መለኪያ ጋር አነጻጽረህ ዝናቡን ገምት። የሚቲዮሳት ማህደር ተሰብስቦ ከ1983 ጀምሮ በየአስር ቀኑ ለመላው አፍሪካ ተሰላ። ኢትዮጵያ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ጣቢያው በአብዛኛው ከተማና መንገድ ዳር ነው ያለው፣ ከመንገድ የራቀ ቆላ ላይ መለኪያ የለም። እና የኛው ሰው ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ካለው የአየር ንብረት ኢንስቲትዩት ሆኖ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ጋር የጣቢያዎቹንና የሳተላይቱን ቁጥር አጋብተው፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ቁራሽ መሬት የሰላሳ ዓመት የዝናብ ታሪክ ሰሩ። ማንም ለክቶት የማያውቅ መሬት ድንገት ታሪክ ኖረው። በ2009 ትግራይ አዲ ሃ የሚባል ቦታ 200 አባወራ ጤፋቸውን በዝናብ መድን አስገብተው ነበር፣ ዝናቡ ቀረ አልቀረ የሚለውን የሚዳኘው ከሚቲዮሳት ኢንፍራሬድ የሚሰላ ግምት ነው።

ግን ይሄ ዘዴ ጉድለት አለበት፣ ጉድለቱን ደግሞ እቤቴ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ክረምት ላይ ስደውል ብዙ ጊዜ የኢንፍራሬዱን ምስል ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ነው የማወራት፣ አንድ ቀን የሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ ግራጫ ደመና ብቻ ነው የሚታየው፣ በታምሳት ሂሳብ ዝናብ የማይባል። "እማ ዛሬ እንኳን አልዘነበባችሁም" አልኳት። "ማነው ያለህ? ከጠዋት ጀምሮ ካፊያው መች አቋርጦ፣ ያሰጣሁት ብቅል ሁሉ ረጠበብኝ እኮ!" አለችኝ። የጥናት ወረቀቶቹም የሚሉት እሱን ነው፣ ነፋሱ እርጥበቱን ተራራ ላይ ሲገፋው የሚዘንበው ዝናብ ደመናው ሳይረዝም፣ አናቱ ሳይቀዘቅዝ ስለሚወርድ ሳተላይቱ ያሳንሰዋል፣ የኢትዮጵያ ደጋ ላይ በተለይ። በቀዝቃዛ ደመና ብቻ ከሄድን እናቴ ዝናብ አታገኝም። ለዛ ነው ጣቢያ መጨመር ያለበት፣ ሳተላይቱ አለ ተብሎ የዝናብ መለኪያው ጠባቂ ደሞዝ ሲረሳ እኔን ያናድደኛል።

ዩሜትሳት በ1986 ተቋቁሞ ስራውን ከህዋ ኤጀንሲው ተረከበ፣ ሚቲዮሳቶቹም ቀጠሉ። እስከ ሰባተኛዋ ድረስ ያው የ1977ቱ ዕቃ ነው በመሰረቱ። ከስምንት እስከ አስራ አንድ ያሉት ትልልቅ ሆኑ፣ ቻናላቸው 12 ሆነ፣ ፎቶው በየ15 ደቂቃ ሆነ፣ ሽክርክሪቱ ግን አልተነካም፣ በደቂቃ 100። ሱኦሚ በ1966 የሞከረው ነገር እስከዚህ መጣ። ዲሴምበር 2022 ላይ የወጣችው አዲሷ ትውልድ፣ አሁን ሚቲዮሳት 12 የምትባለው፣ የመጀመሪያዋ የማትሽከረከር ናት፣ ቀጥ ብላ ቆማ መስታወቷን ብቻ እያንቀሳቀሰች በየ10 ደቂቃው ሙሉ ክቡን ታነሳለች። የምትሽከረከር ሳተላይት ከማትሽከረከር ትሻላለች ብሎ የሚከራከር የለም፣ የማትሽከረከረዋ ምድርን የምታየው ለአንድ ሃያኛው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁሌም ነው።

እሷም ግን ዜሮ ዲግሪ ላይ ናት፣ አዲስ አበባን ከጎን ነው የምታየው። ኢትዮጵያን ከአናቷ ማየት የፈለገ ሰው ከ2022 ጀምሮ 45.5 ዲግሪ ምስራቅ ላይ፣ ከሶማሊያ ጠረፍ ወጣ ብሎ ህንድ ውቅያኖስ አናት ላይ ያለችውን ሚቲዮሳት 9ን ይክፈት። በ2005 መጨረሻ የተመጠቀች ናት፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ አገልግላ ለተተኪ ከለቀቀች ከዓመታት በኋላ ወደ ምስራቅ የተላከች። ምስሏ ዩሜትሳት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል፣ ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጀምራችሁ እዩት፣ ጉራጌ ተራሮችና ጮቄ ላይ ደመናው ሲፈላ በደንብ ይታያል። እሷ አሁንም ትሽከረከራለች።